ካላማዳሪ እና የምላጭ ሙሾ

ካላማዳሪ ማለት የጎማ የውስጥ ላስቲክ ነው፤ ይህን የማያውቅ፣ ጎማ ተበስቶበት መንገድ ዳር ያልቆመ ዕድለኛ ብቻ ነው። ልጁ ስሙን ያገኘው ካደገበት ጎማ ቤት ነው። ወላጆቹ ካለፉ በኋላ ያሳደጉት አጎቱ ጎሚስታ ነበሩ። አንድ ቀን ቸርኬውን በመዶሻ እየመታ፣ ከኮምፕረሰሩ በላይ እየጮኸ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ ግጥሙን ሲያንበለብለው የሰማ የታክሲ ሾፌር፣ «ይሄ ልጅ ሰው ነው ወይስ ካላማዳሪ? ጎማው ሁሉ ሲተነፍስ እሱ አይተነፍስም እኮ!» አለ። በቃ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ከዚያ ቀን ወዲህ መታወቂያው ላይ ብቻ ቀረ።

አጎቱ ራፕ የሚባል ነገር አይጥማቸውም ነበር። «ዘፈን እንዳልለው አይዘፈን፣ ወሬ እንዳልለው አይጨበጥ» እያሉ ያጉረመርማሉ። ደንበኛ ሲመጣ ግን በርጩማ ስበው፣ «ጎማህ እስኪደርስ ቁጭ በልና ልጁን ስማው» ማለታቸው አይቀርም። ውሎ አድሮ ጎማቸው ደህና የሆነ ሾፌሮች ሁሉ ንፋስ ልንሞላ ነው እያሉ መቆም ጀመሩ።

ከጎማ ቤቱ ጀርባ ፊልም ማሳየት ያቆመ አሮጌ ሲኒማ ቤት አለ። ከወንበሮቹ ግማሹ ሽቦው ወጥቶ ሱሪ ይቀድዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የከተማው ራፐሮች የሚፎካከሩት እዚያ ነው። አዳራሹን የሚመራው ዲጄ ከመድረኩ ኋላ ያለችውን ጠባብ ክፍል በእንቁላል ካርቶን ለብጦ ስቱዲዮ አድርጓታል። ማይኩ የቬንትሌተሩን ድምፅ ስለሚይዝ ቀረጻ ሲኖር ቬንትሌተሩ ይጠፋል፤ የገባ ሁሉ በላብ ተጠምቆ ነው የሚወጣው። የካላማዳሪ የመጀመሪያ ዘፈን የተቀዳው በዚያች ምድጃ ውስጥ ነው። «ጎማው እኮ ትናንት የተገዛ ነው!» እያለ ስለሚምል ሾፌር ነበር። በየታክሲው የከፈቱት ደግሞ ራሳቸው ሾፌሮቹ ናቸው፤ እየተሰደቡ ይስቃሉ። ዓመት ሳይሞላው ዘፈኑ ሬዲዮ ላይ ወጣ፣ ካላማዳሪም ሌላ ከተማ ድረስ ተጠርቶ መድረክ ላይ ቆመ። ሰኞ ጠዋት ግን ቱታውን ለብሶ መኪና ሥር ይገኛል።

እውነተኛ ተፎካካሪው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ምላጭ የሚሉት ፀጉር አስተካካይ። አብሮ አደጉ ነው። ሁለቱም ግጥም የለመዱት በወንዙ ድልድይ ሥር ሲሆን፣ ቦታው ድምፅ ስለሚያስተጋባ ያለ ክፍያ የተሰጣቸው ማይክ ነበር። የምላጭ እናት ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ናቸው። ከሥራ ሲመለሱ ድልድዩ ላይ ቆም ብለው፣ «እናንተ! ራት የሚበላ የለም?» ብለው ወደ ታች ይጣራሉ፤ ካላማዳሪም ከልጃቸው እኩል ሮጦ ይወጣል። እሳቸው ቤት በልቶ ያደረበት ቀን አጎቱ ቤት ካደረበት ቢበልጥ እንጂ አያንስም። አድገው ስም ሲያወጡ ግን ሁለቱ ተኳረፉ። ምክንያቱ ሲነገር ያሳፍራል። አንዱ ሌላውን «ስንኜን ሰረቅኸኝ» አለው፤ ማን የማንን እንደሰረቀ ደግሞ ራሳቸውም አያውቁትም።

አሁን ስለ ሙሾው ልንገራችሁ፤ ጉዱ ሁሉ የፈላው በዚሁ ነው። በእነዚህ ራፐሮች ዘንድ ከትልቅ ግጥሚያ በፊት ሁለቱም ተፎካካሪዎች አንዱ ለሌላው ሙሾ ያዘጋጃሉ፤ ውሃ በመሰለ ጤናው ለሚሄድ ሰው፣ እንደሞተ ቆጥሮ። ቀድተው ለዲጄው ይሰጡታል። ያሸነፈው ሰው ሙሾ ለአዳራሹ ይከፈታል። ተሸናፊው ኮፍያውን አውልቆ፣ ቆሞ፣ የገዛ ለቅሶውን ይሰማና የአሸናፊውን እጅ ጨብጦ «ቀበርከኝ» ይላል። የተሸናፊው ሙሾ ማንም ሳይሰማው ይጠፋል። በሙሾው ውስጥ ሟች ሁልጊዜ የሚገኘው ድልድዩ ሥር ነው፤ ሁልጊዜም አንድ ጫማው የለም። ይህን ፉክክር ከጀመሩት አንዱ ድልድዩ ሥር ሲለማመድ አዳልጦት ወንዝ ገብቶ በአንድ ጫማ ስለወጣ ነው እንዲህ የሆነው። ድልድይና አንድ ጫማ የሌለበት ሙሾ እነሱ ዘንድ ሙሾ አይባልም። ይህን ሁሉ ከአዳራሹ ውጭ ለሰው መናገር ግን ነውር ነበር።

ካላማዳሪና ምላጭ የተጋጠሙ ቀን አዳራሹ መቆሚያ አልነበረውም። ካላማዳሪ ለጥቂት አሸነፈና ሙሾው ተከፈተ፤

«ምላጭ ሞተ አሉ ከድልድዩ ሥር፣
አንድ ጫማው ጠፍቶ፣ ሳይጨርስ አንድ መስመር፤
እንግዲህ ማን ይላጨን፣ ጺማችን አደገ፣
ዶልዱሞ የቀረ ምላጭ ማን ፈለገ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ምላጭ ኮፍያውን አውልቆ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ሲያልቅ ግን እጅ ሳይጨብጥ ጥሎ ወጣ። ይህን ሰው ሁሉ አየ። ካላማዳሪ ድሉ አፉ ላይ መረረው። በማግስቱ «ና፣ ድልድያችን ሥር እንታረቅ» ብሎ ላከበት፤ ሄዶም ሲጠብቅ ቆየ። ምላጭ ሲቀር ጊዜ «ይቅርብህ» ብሎ ተመለሰ። ምላጭ ግን ዘግይቶ መጥቶ ነበር። ጠዋት ተገድሎ ተገኘ፤ ድልድዩ ሥር፣ አንድ ጫማው ወልቆ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ማንም ይገምተዋል። ካላማዳሪ ወደ ድልድዩ ሲወርድ ያዩት ሰዎች መሰከሩ። ዐቃቤ ሕጉ ሙሾውን ከወረቀት ላይ፣ የመድኃኒት ማዘዣ እንደሚያነብ ሰው ቃል በቃል አነበበው። «ተከሳሽ፣ ሟች የት እንደሚወድቅና ጫማው እንደሚወልቅ አስቀድሞ ከየት አወቀ?» ብሎም ጠየቀ። ዲጄው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። አፉን ቢከፍት የራፐሮቹን ነውር ማውጣቱ ነው፤ በዚያ ላይ የተሸናፊዎችን ሙሾ ማጥፋት ሲገባው አንጀቱ አልችል ብሎት በድብቅ ሲያስቀምጥ መኖሩ ይታወቅበታል። ስለዚህ ዝም አለ።

ዳኛው ተከሳሹን፣ «ይህን ግጥም የጻፍከው አንተ ነህ?» አሉት።

ጤነኛ ሰው «ቀልድ ነው ጌታዬ» ይላል። ካላማዳሪ ግን ከክሱ ይልቅ ያንገበገበው ስንኙ ያለ ምት መነበቡ ነበር። ቀና ብሎ፣ «የኔ ነው። ከሠራኋቸው ሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው» አለ።

አጎቱ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። የምላጭ እናት፣ «እኔ ያበላሁት ልጅ!» ብለው ጮኹ። በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ተባለና አሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት።

እስር ቤት ያቆረፍደዋል ብሎ ያሰበ ተሳስቷል። ካላማዳሪ መጀመሪያ ሰሞን ግድግዳ ሲያይ ከረመ፤ ከዚያ አንድ ቀን ግቢው ውስጥ እስረኞች ልብስ ሲያጥቡ ባልዲውን ገልብጦ መምታት ጀመረ። በወሩ አሥር ባልዲ መቺ ነበረው። እያንዳንዱን እስረኛ በቅጽል ስሙ እያነሳ ይገጥምለት ነበርና ግጥም ያልደረሰው ያኮርፋል። የተፈታ ሁሉ ግጥሙን በቃሉ ይዞ ይወጣል፤ በሩ ላይ ለሚያሳፍረው ታክሲ ሾፌር ይለዋል፤ ሾፌሩ ለሌላው ያቀብላል። አጎቱ ሊጠይቁት ሲመጡ፣ «አንተን ያዙህ እንጂ ዘፈንህ አምልጧል። ከተማውን ሲዞረው ነው የሚውለው» አሉት። ሳቀ። የእስር ዓመቱን እንደምንም ሊችለው ይችላል። አንጀቱን የሚበላው ሌላ ነገር ነበር፤ ራት ያበሉት የምላጭ እናት እሱን ልጃቸውን የገደለ ሰው አድርገው ማየታቸው። ይህን ሳያቃና መሞት አይፈልግም ነበር።

በሦስተኛው ዓመት «ጠያቂ መጥቶልሃል» ተባለ። ከሽቦው ማዶ የቆሙት የምላጭ እናት ነበሩ። 

«እማማ...» አለ።

«ዝም በል፤ ዛሬ የምናገረው እኔ ነኝ።» በረኪና የበላው ጣታቸው ሽቦውን ጨብጧል። «ዲጄውን የልጄን ድምፅ ስጠኝ፣ ሳሉም ቢሆን አይቅር አልኩት። ያለውን ሁሉ ሰጠኝ። ሰማሁት። ልጄ ገድሎሃል!»

«ምን?»

«ገድሎሃል! ድልድዩ ሥር አጋድሞ፣ አንድ ጫማህን አውልቆ። የወለድኩት ልጅ ነፍሰ ገዳይ ነው እንዴ ብዬ ክው አልኩ። ሄጄ የዲጄውን ኮሌታ ጨምድጄ ያዝኩ፤ ያን ጊዜ የጉድ ሥርዓታችሁን አንድ ባንድ ለፈለፈው። አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

«አያምኑኝም ብዬ ነዋ።»

«አላምንህም ነበር። እሱስ ልክ ነህ።» እንባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «ስማኝ። ላዝንልህ አልመጣሁም። አንተ እዚህ እስካለህ ድረስ የልጄን ገዳይ የሚፈልግ ሰው የለም፤ ፖሊሱም ይዣለሁ ብሎ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። አንተን ማስወጣት አለብኝ።» ለመሄድ ዞሩና ተመለሱ። «ደግሞ ከስተሃል። እዚህ የሚበላ አይሰጡም እንዴ?»

ካላማዳሪ ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀሰ። ገና ምኑም ሳይፈታ፣ የተፈታ መሰለው።

ይግባኙ የተሰማ ቀን የችሎቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። የምላጭ እናት እያንዳንዱን ራፐር ቤቱ ድረስ ሄደው፣ «ነውራችሁን ልጄ መቃብር ላይ ልትቆልሉት ነው?» ብለው አሳፍረው አምጥተዋቸዋል። ዲጄው ላቡን እየጠረገ የደበቃቸውን ሙሾዎች በየተራ አሰማ። ሟቹ ሁሉ ድልድዩ ሥር፣ ሁሉም በአንድ ጫማ፤ ሟቾቹ ደግሞ ወንበር ላይ ተደርድረው ይቁለጨለጫሉ። የመሐል ዳኛዋ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ያዙ። በመጨረሻ የምላጭ ድምፅ ወጣ። ካላማዳሪ ይህን ሙሾ ሰምቶት አያውቅም ነበር፤

«ካላማዳሪ ሞቶ ድልድዩ ሥር ወድቋል፣
ያ ሁሉ ነፋስ ለካ በአንድ ሚስማር ያልቃል፤
አንድ ጫማው ጠፍቶ ሰማይ ቤት ደረሰ፣
እዚያም ጎማ አለ ወይ አየሩ ያነሰ?
አልቅሱለት ሰዎች፣ እኔማ አልችልም፣
በዓለም ከሱ ሌላ የሚበልጠኝ የለም።»

ካላማዳሪ ብድግ አለ። የእስረኛ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ፖሊሱ «ተቀመጥ» ብሎ ክንዱን ሳበው፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። ዳኛዋ፣ «ተወው፣ ይቁም» አሉ። እንባው እየወረደ ወደ ምላጭ እናት ዞረ።

«ቀበረኝ፣ እማማ። ከኔው በለጠ።»

«እሰይ ልጄ!» አሉ እናትየው፣ ችሎት መሆኑን ረስተው። «እሰይ!»

ፍርድ ቤቱ ሙሾ ማስረጃ አይሆንም፣ ሌላውም የቀረበው ሁሉ በሰው ላይ አያስፈርድም ብሎ በነፃ አሰናበተው። ፖሊስም ወዶ ሳይሆን እናትየው በየጠዋቱ በሩ ላይ እየቆሙ አላስቀምጥ ስላሉት መዝገቡን ከፈተው። ገዳዩ በድልድዩ ሥር የሚያልፈውን እየጠበቀ የሚዘርፍ ሰው ሆኖ ተገኘ። የምላጭ አንድ ጫማ የወለቀው ስልኩን ሊነጥቀው ሲታገለው ነው፤ ስልኩንም ሸጦት ነበር፤ ገዢው መራቸውና ተያዘ፣ አመነ፣ ተፈረደበት።

ካላማዳሪ ከእስር ሲወጣ ታክሲዎቹ እስከ ጎማ ቤቱ ድረስ ጡሩምባ እየነፉ አጀቡት። ቅዳሜ ከሰዓት አሮጌው ሲኒማ ቤት እስከ በሩ ታጨቀ፤ አጎቱ ሳይቀሩ ከረባት አስረው መጡ። ዲጄው ማይኩን ሲዘረጋለት ካላማዳሪ አልቀበልም አለ።

«ያሸነፈው ምላጭ ነው» አለ። «መጀመሪያ እሱ ይሰማ።»

ሙሾው ተከፈተ። ሰዉ በሚስማሩ ሳቀ፣ በሰማይ ቤቱ ጎማ ወንበር እስኪሰበር ተንከተከተ። የመጨረሻው ስንኝ ሲያልቅ ጭብጨባው ፈነዳ፤ ያ ቤት ለማንም እንዲያ አጨብጭቦ አያውቅም። የምላጭ እናት ከፊት ወንበር ተነሥተው ወደ ሕዝቡ ዞሩ፤ አሸናፊ እንደሚያደርገው በረኪና የበላቸውን ሁለት እጆች ከራሳቸው በላይ አነሡ። ሰዉ የልጃቸውን ስም እየጠራ ይጮኻል። ረጅም ጊዜ እንዲያ ቆሙ። ጩኸቱ ሲበርድ ካላማዳሪን ከላይ እስከ ታች ገረመሙት።

«አንተ ደግሞ ምን ይገትርሃል?» አሉት። «ልጄ ተናግሮ ጨርሷል። ውጣና መልስለት!»