የእትዬ ዘሀራ ወንበር

ትናንት ከሰዓት ውጫሌ ሰው ቤት ስፒከር ልገጥም ሄጄ... ደሜ ፈልቶ ነው የተመለስኩት። እስካሁንም አልበረደልኝም።

ሐይቅ ከተማ በዚሁ የድምፅ ሥራ እንደምኖር ታውቃላችሁ። የጠራኝ ይማም የሚባል ነጋዴ ነው፣ የአባቱ የሙት ዓመት ሰደቃ ነበር። አባትየው በሕይወት ሳሉ መንዙማ አዋቂ ነበሩ። ሊሞቱ አካባቢ አንድ ደረሳቸው፣ ማለት ተማሪያቸው፣ የቀዳውን ካሴት ይማም በቅርቡ አግኝቶ፣ አጽዳልኝና እንግዶቼ ጥርት አድርገው ይስሙት ብሎ ሰጥቶኝ ነበር።

ሳጸዳው መንዙማው ያልቅና ሽማግሌው ትንሽ ይስላሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ... «ዘሀራ፣ የዳልቻን ነገር አፉ በይኝ» ይላሉ፣ ይቅር በይኝ ማለታቸው ነው።

እትዬ ዘሀራ ሚስታቸው ናቸው፣ የይማም እናት። ዳልቻ ደግሞ ከአባታቸው ቤት ይዘዋት የመጡት ላም ነበረች አለኝ ይማም። እሳቸው አራስ ቤት ተኝተው ሳሉ ባልየው ሳያማክሯቸው ሸጡባቸው። ከዚያ ወዲህ የላሟ ስም እዚያ ቤት ተነስቶ አያውቅም።

እንግዲያ ሌላው ይቅርና እናትህ ይስሙት፣ መሀል ይቀመጡ አልኩት። ደስ ብሎት ተስማማ።

ሳሎኑ አዲስ ነው፣ ወለሉም ግድግዳውም ባዶ፣ ስታወራ ድምፅህ ተመልሶ ይመጣብሃል። ከኋላ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። ስፒከሮቹን ከጥግ ሳብ አደረግኳቸው፣ ጥግ ላይ ሲሆኑ ጉምጉምታው ቃሉን ይውጠዋልና። ወንበሮቹን ሁሉ ወደ ስፒከሮቹ አዞርኩ፣ መሀሉን ለእትዬ ዘሀራ። ግራ ጆሯቸው ስለማይሰማ ቀኙን አመቻቸሁላቸው። የመንዙማውን መጀመሪያ ብቻ ለሙከራ ከፈትኩት።

«ሲተነፍስ ሳይቀር ሰማሁት» አሉና በሻሻቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። የመጨረሻውን አልነገርኳቸውም። ባላቸው ራሳቸው በገዛ ድምፃቸው ይንገሯቸው ብዬ ነው።

እንግዳ መግባት ጀመረ። ፊት የገቡት ትልቅ ሰው በሩ ላይ ቆመው ወንበሮቹን አዩ።

«ይሄ አውቶቡስ ነው ወይስ ቤት? ሰው ለሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል እንዴ?»

በቃ! እኛ አገር ሰው ግድግዳ ተደግፎ ፊት ለፊት እየተያየ ነው የሚቀመጠው፣ ለሽማግሌ ጀርባ መስጠት ነውር ነው። ይማም ፊቱ ቀላ። ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ተመለሱ፣ ስፒከሮቹ ወደ ጥግ ተገፉ፣ ብርድ ልብሱም ያሳፍራል ተብሎ ወረደ። መሀሉ ባዶ ቀረ። እሺ ይሁን... ግን ወንበር ሲጠፋ ቀድመው የተነሱት ማን ይመስላችኋል?

«እማ፣ አንቺ ጓዳ ከሴቶቹ ጋር ሁኚ። እዚያም ይሰማል።»

ሻሻቸውን ሰብስበው ተነሱ። ይማምን ጠጋ ብዬ፣ ምን ነካህ፣ ነገሩ ለሳቸው እኮ ነው አልኩት። ሰው ፊት አታዋርደኝ አለኝ።

ካሴቱ ተከፈተ። ቤቱ ጉምጉም ይላል፣ ቃል የሚባል አይለይም፣ እንግዳው ግን ራሱን እየነቀነቀ «ማሻአላህ» ይላል። የሽማግሌው ሳል ጋ ሲደርስ ጓዳ በር ላይ ቆምኩ። እትዬ ዘሀራ ቀኝ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል። ሴቶቹ ሳህን ያንኳኳሉ። ቃሉን ሳይሰሙት አለፈ።

ወዲያው አንዱ ሽማግሌ እንደ ወጉ፣ ሟቹ ላይ ሐቅ ያለው፣ የተበደለ ሰው ካለ አፉ ይበል አሉ። ሳሎኑ በአንድ አፍ «አፉ ብለናል» አለ። ሐቅ ያላቸውን ሴትዮ ጓዳ አስቀምጠው!

አላስቻለኝም። ጓዳ ገብቼ በስልኬ ያንኑ የመጨረሻውን ቃል ከፈትኩና ማዳመጫውን ቀኝ ጆሯቸው ላይ ሰካሁላቸው። ሰሙት። ድገምልኝ አሉ፣ ደገምኩላቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ግን አልፈሰሰም። ማዳመጫውን አውልቀው በሻሻቸው ጫፍ ጠርገው መለሱልኝ።

«ሳሎን ያሉት አፉ አሉት?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲያ እነሱ ይበቁታል» አሉና ወደ ሳህናቸው ዞሩ።

ዛሬ ጠዋት ይማም ደውሎ አመሰገነኝ። የአባቴን ድምፅ ሁሉም ሰው ወደደው አለኝ... ሁሉም ሰው!