ኩኮ በጆሮው የዳኘው ግጥሚያ

ጎረቤቴ ኩኮ ዕድሜውን ሙሉ የመኪና ወንበርና የሶፋ ልባስ ሲሰፋ ኖሮ አሁን ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ትክክለኛ ስሙ ሬፉሂዮ ነው፤ እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ኦክስናርድ ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራው ግን ሐኪሙ ብቻ ነው። ሁለተኛ ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ አበልጄ ነው። ቤቶቻችንን የሚለያያቸው አንድ የእንጨት አጥር ነው። አጥሩ ሁለት ጣውላ ወልቆበታል፤ የማስጠገኑ ተራ የማን እንደሆነ እስካሁን አልተስማማንም።

ስለ ኩኮ የምጽፈው ቦክስ ስለሚወድ አይደለም። በእኛ በሜክሲኮዎቹ ሰፈር ቦክስ የማይወድ ሰው ካለ ገና አልተዋወቅንም። የምጽፈው ከታናሽ ወንድሙ ከናቦር ጋር የሚያነጋግረው ነገር ቦክስ ብቻ ስለነበር ነው።

አባታቸው ሲሞት አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ትቶ ነበር። የመኪናዋን ወንበር ኩኮ ለአባቱ ልደት ብሎ በገዛ እጁ በቀይ ቆዳ ሰፍቶታል። ናቦር አንድ ቀን ማንንም ሳይጠይቅ መኪናዋን ሸጣት። ኩኮ ያን ቀን የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም፤ ናቦር የመለሰውንም እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ በልጆቻቸው ሠርግ ላይ እንኳ በተለያየ ጠረጴዛ ነው የሚቀመጡት። ትልቅ ግጥሚያ ባለበት ቅዳሜ ግን ናቦር አንድ ከረጢት የቢራ ማቀዝቀዣ በረዶ ተሸክሞ ይመጣል፣ ቴሌቪዥኑ ያለበት የኩኮ ቤት ጋራዥ ገብቶ የሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል።

"ግራው ዘገየ" ይላል።

"እግሩ ነው የዘገየው" ይላል ኩኮ።

"አንተ ደግሞ፣ እግር ማየት የጀመርከው መቼ ነው?"

ግጥሚያው ሲያልቅ ናቦር ቻው ሳይል ወጥቶ ይሄዳል። ይህን ሥርዓት ያወጣው ሰው የለም፤ የጣሰውም አልነበረም።

ታዲያ ትልቅ ግጥሚያ በቴሌቪዥን ለማየት ለብቻው ይከፈላል። ኩኮ ሲጀምር ሠላሳ ዶላር ነበር። አርባ አምስት ሲገባ ተሳደበና ከፈለ። ስልሳ ሲሆን የባሰ ተሳደበና ከፈለ። ሰማንያ ሲደርስ ዝም ብሎ ከፈለ፤ ሚስቱ ቴንቻ የፈራሁት ያኔ ነው ትላለች። በሌላው ቤት እንግዳው ያዋጣል። እኛ ቤት ለምሳሌ በሩ ላይ ባልዲ እናስቀምጣለን፤ ባሌ ሊቦሪዮ ባልዲው አጠገብ ይቆምና የገባውን ሁሉ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ለኩኮ ግን ቤቱ ከመጣ ሰው ገንዘብ መቀበል ሞቱ ነው። በረዶ ይዘህ ና፣ ሥጋ ይዘህ ና፣ የምትቀመጥበትን ወንበር ይዘህ ና፤ ገንዘብ ግን በጭራሽ። ዋጋው በጨመረ ቁጥር እንግዳው በባዶ እጁ ማየት እያፈረ ቀረ። በመጨረሻ ጋራዡ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ወንድማማቾችና በረዶው ነበሩ።

ባለፈው መስከረም የሰፈራችን ልጅ ከአንድ የቴክሳስ ቡጢኛ ጋር ሊገጥም ሲል ዋጋው ዘጠና ዶላር ገባ።

"ዘጠና!" አለች ቴንቻ። "በዘጠና ዶላርማ አንተንና ናቦርን እኔ ራሴ አጋጥማችሁ ነበር።"

"ቀረጡን ረሳሽው።"

"ሰውዬ፣ የሳምንት አስቤዛ እኮ ነው። ለምን ግማሹን ክፈል አትለውም?"

"እሱ የገንዘብ ወሬ ነው። እኛ ስለ ገንዘብ አናወራም።"

"ስለምን ታወራላችሁና!"

"ስለ ቦክስ" አለ ኩኮ።

ኩኮ ግጥሚያውን ሳይገዛው ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ሙሉ ግን ሶፋውን ሲያጥብ ሰነበተ። ሐሙስ ዕለት በወለቀው ጣውላ በኩል አንገቱን አስግጎ ጠራኝ።

"አበልጄ፣ ናቦር መጥቶ ቴሌቪዥኑን ጠፍቶ ካየው ዞሮ ይሄዳል።"

"ይሂዳ።"

"ከሄደ በምን ሰበብ ይመለሳል?"

"ይዘኸው እኛ ቤት ና" አልኩት።

"ባልዲው ስንት ገባ?"

"በነፍስ ወከፍ ሃያ።"

"ለጎረቤትም?"

"ሊቦሪዮ እናቱንም አስከፍሏል።"

"በር ላይ አልከፍልም" አለ ኩኮ። "ሳልከፍል ደግሞ አልገባም።" አንገቱንም መለሰ።

የቅዳሜውን የነገረችኝ ቴንቻ ናት። ወጥ ቤቱን ከጋራዡ ከሚያገናኘው በር ጀርባ ተቀምጣ ለእራት የሚሆን የቁልቋል ቅጠል እሾህ ትልጥ ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት አንዲት ቅጠል ነው የላጠችው።

ናቦር በረዶውን ተሸክሞ ገባ። ቴሌቪዥኑን አየው።

"ጠፍቷል" አለ።

"ጠፍቷል" አለ ኩኮ።

ናቦር ቆመ። በረዶው ጫማው ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ቴንቻ አሁን ሊሄድ ነው ብላ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ልክ በዚህ ጊዜ ከእኛ ቤት መዝሙሩ ተሰማ። ዋናው ግጥሚያ ሲደርስ እኛ ሁላችንም ተነስተን፣ እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን የሜክሲኮን ብሔራዊ መዝሙር እንዘምራለን፤ ሊቦሪዮ አንድ ስንኝ ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተለናል።

"ሊጀምሩ ነው" አለ ናቦር።

ኩኮ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ። "አንድ ዙር ሦስት ደቂቃ" አለ። ናቦር ተቀመጠ።

በመጀመሪያው ዙር ከእኛ ቤት ብዙም ድምፅ አልወጣም።

"የቴክሳሱ ወሰደው" አለ ናቦር። "ሰዎቹ ደንግጠዋል።"

"እየበሉ ነው።"

በሁለተኛው ዙር ግን የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እስኪጮህ ድረስ ጮኽን።

"ወደቀ!" አለ ኩኮ።

"ማን?"

"የቴክሳሱ ነዋ። የጮኸችው የሊቦሪዮ እህት ናት። የኛ ልጅ ቢወድቅማ ለቅሶ ነበር የምንሰማው።"

"ይነሳል። ያ ሰውዬ በአንድ ቡጢ አይቀርም።"

"ቢነሳም ዙሩ አስር ለስምንት የኛ ልጅ ነው።"

"አስር ለስምንት" ብሎ ናቦር ተስማማ።

እዚህ ላይ እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ሰውዬው አልተነሳም። ግጥሚያው በሁለተኛው ዙር በዝረራ አለቀ። ሥጋው ገና ከምድጃ አልወጣም ነበር። እንግዳው ሁሉ ከቴሌቪዥኑ ላይ ዓይኑን አነሳና ባልዲው ላይ አሳረፈ። አንዱ ግማሹ ይመለስልን አለ። ሊቦሪዮ "ያሸነፈው የኛ ልጅ ነው፣ ደግሞ ምን ፈለጋችሁ?" አለ። ነገሩ ሊከር ሲል እህቱ ኤድልሚራ የቶምቦላውን ካርድ አመጣች፤ ቁጥር ሳይሆን ሥዕል ያለበትን፣ የኛን። ሊቦሪዮ የወጣለትን ሥዕል ይጠራል፣ ሥዕሉ ካርዱ ላይ ያለበት ሰው ባቄላ ያኖርበታል፣ ቀድሞ የሞላለት ይጮኻል። የባልዲው ገንዘብ በየጨዋታው ትንሽ ትንሽ እየተቆነጠረ ለሞላለት ይሰጥ ተባለ። ጩኸቱ ያላባራው ለዚህ ነው።

ኩኮና ናቦር ሦስተኛውን ዙር ዳኙ። አራተኛውንም ዳኙ። ሊቦሪዮ ባለ በሌለ ድምፁ "ሰካራሙ!" እያለ የካርዱን ሥዕል ሲጠራ ናቦር ራሱን ነቀነቀ።

"ዳኛውን እየሰደቡት ነው" አለ።

"ይገባዋል" አለ ኩኮ።

ችግር የሆነው በዙሮቹ መሃል ያለው የአንድ ደቂቃ እረፍት ነው። በቴሌቪዥን ቢሆን አሠልጣኙን ታያለህ፣ የቢራ ማስታወቂያ ታያለህ። እዚህ ምንም የለም። የመጀመሪያዎቹን እረፍቶች የጠፋውን ቴሌቪዥን እያዩ አሳለፏቸው። ከአራተኛው በኋላ ናቦር "ጉልበቴ" አለ።

"የቱ?"

"ግራው።"

"የኔም ግራው ነው።"

ከአምስተኛው በኋላ ደግሞ "ቴንቻ ደህና ናት?" አለ።

"በሩ ጀርባ ናት።"

"ደህና ነኝ!" አለች ቴንቻ።

በሰባተኛው ዙር ከሁሉም የባሰ ጩኸት ተሰማ። ኩኮ የቴክሳሱ እንደገና ወደቀ አለ፤ ናቦር ይህቺኛዋ የደስታ አይደለችም፣ የወደቀው የኛው ልጅ ነው አለ። ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ ግን የሚጣሉት ስለ ቦክስ ስለሆነ ተቀምጠው ቀጠሉ። ከስምንተኛው በኋላ ናቦር ጫማውን እያየ ተናገረ።

"ወንበሩን አልሸጥኩትም።"

ኩኮ ሰዓቱን አየ።

"የመኪናዋን ነው የምልህ። ሳልሸጣት በፊት ፈትቼ አወጣሁት።"

"የት ነው ያለው?"

"ጓሮዬ። ዶሮዎቹ ይተኙበታል።"

"ዘጠነኛው ዙር" አለ ኩኮ።

ዘጠነኛውን ዙር ማንም አልሰማውም። ሁለቱም አስር ለአስር ሰጡት።

"ቆዳው ተቀዷል?" አለ ኩኮ ሰዓቱ ሲደርስ።

"ጠርዙ ላይ።"

"ያኔ ለምን አልነገርከኝም?"

"መቼ አስጨረስከኝ! ከዚያ ደግሞ የመጣሁ ቀን ሁሉ ቦክስ ነው።"

የመጨረሻው፣ አሥራ ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ ኩኮ የኛ ልጅ አሸነፈ አለ፤ ናቦር እኩል ለእኩል ወጡ አለ። ማን እንዳሸነፈ አጥሩን ተሻግሮ መጠየቅ ይቻል ነበር። ግን በር ላይ ያልከፈለ ሰው ውጤት አይጠይቅም።

"ነገ ይታወቃል" አለ ናቦር።

"ነገ እሁድ ነው።"

"እሁድ ነው" አለ ናቦር፤ አልተነሳም። "ልምጣ?"

"በረዶ አታምጣ" አለ ኩኮ።

በማግስቱ የተረፈውን ሥጋ ይዤ በአጥሩ ቀዳዳ ስሾልክ ሁለቱ ወንድማማቾች በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ደነገጥኩ፤ በቀን ብርሃን አብረው አይቻቸው አላውቅም።

"አበልጄ፣ ማን አሸነፈ?" አለ ኩኮ።

"የኛ ልጅ ነዋ። በሁለተኛው ዙር ዘርሮት።"



"ሰባተኛውስ?" አለ ናቦር።

"ምን ሰባተኛ አለው! ከዚያ በኋላማ ቶምቦላ ስንጫወት ነበር።" ከዚያ ገባኝ። "በኋላ ላይ ያ ትልቁ ጩኸት ከሆነ፣ አማቴ ካርዷ ሞልቶላት ነው።"

ሥጋውን አስቀምጬ ልሸሽ ስል ኩኮ ወደ ወንድሙ ዞረ።

"አየህ፣ የወደቀው የኛ ልጅ አይደለም ብዬህ ነበር።"

"የቴክሳሱም አይደለም!"

"ቢሆንም ሰባተኛው የኔ ነው።"

"ሰባተኛውን ለአሮጊቷ ነው የምሰጠው!" አለ ናቦር።

እየተጨቃጨቁ የናቦር መኪና ውስጥ ገቡ። ኩኮ የመርፌና የክር ሣጥኑን ይዟል። ቴንቻ ለምሳ ትመለሳለህ ወይ ብትለው አልሰማትም።

በታኅሣሥ ሌላ ግጥሚያ መጣ፤ ዋጋው ደግሞ ጨመረ። እኛ ቤት ተሰብስበን አንገዛም አልን። ይህን ወሬ የሰማው ኩኮ በአጥሩ በኩል ጠራኝ። ናቦር ከኋላው ቆሟል።

"እውነት አትገዙም?"

"በዚህ ዋጋ? አብደን ነው?"

ተያዩ።

"ቶምቦላውስ?" አለ ኩኮ።

"ቶምቦላውንማ እንጫወታለን።"

"እንግዲያው የጓሮውን መስኮት ክፈቱት" አለ። "ሊቦሪዮንም በየሦስት ደቂቃው አንድ ደቂቃ እንዲያርፍ ንገሪው።"