ሦስት ቀን ተኩል

ባለቤቴ ሁለት ቀን አለ፤ እኔ አምስት አልኩ። ጉዳዩ ይህ ብቻ ነበር። ደብረ ዘይት ሐይቅ ዳር የውሃ መንሸራተቻ፣ ሰው ሠራሽ ማዕበልና የልጆች መጫወቻ ያለው ሪዞርት አለ ሲሉ ሰምተን፣ የልጃችን ትምህርት ቤት ለአጋማሽ ዓመት ሲዘጋ ይዘናት ልንሄድ ተስማማን። ለመሄድ የተስማማነው አንድ ምሳ በልተን ሳንጨርስ ነው። ስንት ቀን እንደምንቆይ ለመወሰን ግን ሦስት ሽማግሌ፣ ሁለት ቀጠሮና አንድ የጽሑፍ ውል አስፈለገን።

እኔ የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነው። የሰው የዓመት ፈቃድ ስቆጥር ነው የምውለው። አንድ ሠራተኛ ሰርግ አለብኝ ብሎ ሦስት ቀን ሲጠይቀኝ፣ ሰርጉ የማን እንደሆነና ድግሱ የት እንደሚበላ ጠይቄ ሁለት ቀን እሰጠዋለሁ። በገዛ ቤቴ ስለ ቀን የሚያስተምረኝ ሰው ሲመጣ ደሜ ቢፈላ አይገርምም። በዚያ ላይ ባለቤቴ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው፤ «ነገ ና ውሰዳት» ያላትን መኪና ባለቤቷ በሳምንቱ እንኳ ካገኛት ዕድለኛ ነው።

«መንሸራተቻ ነው እኮ» ይለኛል። «አንዴ ከወረድሽ ወረድሽ ነው። ምን ቀረ?»

«ከመቀሌ አውሮፕላን ተሳፍሬ ሄጄ ፎጣዬ ሳይደርቅ ልመለስ?»

«ፎጣ እዚያ ይሰጣሉ።»

«እንግዲያው አምስት ቀን!»

እውነቱን ለመናገር ሁለታችንም ስለ መንሸራተቻው አልነበረም የምንጨቃጨቀው። ልጃችን የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ለአምስት ቀን ሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጦርነት ተነሣ፤ ስልኩ ጠፋ፤ አውሮፕላኑ ቆመ፤ መንገዱ ተዘጋ። «አምስት ቀን ተኝተሽ ስትነሺ እመጣለሁ» ብዬ የሳምኳትን ልጅ እንደገና ያየኋት ስድስት ዓመት ሞልቷት፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ነው። እጄን ዘርግቼ ስጠራት አያቷ ቀሚስ ሥር ገባች። 

ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት የቀን ቁጥር የሚታመን ነገር አይደለም። ልጄ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ገበያ ልሄድ ስነሳ «ስንት ሰዓት ነው የምትመለሺው?» ትለኛለች። አሥር ሰዓት ብያት አሥር ከሩብ ከሆነብኝ በር ላይ ቆማ አገኛታለሁ፤ አትቆጣም፣ አታለቅስም፣ ቦርሳዬን ትቀበለኛለች። አምስት ቀን ብዬ ሙጭጭ ያልኩት ለዚህ ነበር። አምስት ቀን ተብሎ ተሄዶ በአምስተኛው ቀን መመለስ እንደሚቻል በዓይኗ እንድታይ ፈለግሁ። ባለቤቴ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ «እማ መቼ ነው የምትመጣው?» ለሚል ጥያቄ መልስ አጥቶ የኖረ ሰው ነው፤ ከቤት ርቆ ብዙ መቆየት ያስፈራዋል። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ እሱም የኔን ያውቃል። በአፋችን ያወጣነው ግን ስለ ፎጣ ብቻ ነበር።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ባለችው ክፍል ነው የሚኖሩት። ሳምንቱን ሙሉ በግድግዳው በኩል «ሁለት!» «አምስት!» ሲባል ሰሙ። ንብረት እየተካፈልን መሰላቸው። ማንንም ሳያማክሩ ሽማግሌ ላኩብን።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሰዎች ነጭ ለብሰው በራችን ላይ ቆሙ። አንዱ ከእንዳ ኢየሱስ ሰፈር በእግራቸው የመጡት የባለቤቴ አጎት ናቸው። ሁለተኛው የንስሐ አባታችን ናቸው። ሦስተኛው ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ናቸው። ግቡ፣ ተቀመጡ ብንል እምቢ አሉ። በደንቡ መሠረት ሽማግሌ የለመነውን እሺ ካላሉት አይቀመጥም።

«እሺ በሉን» አሉ አጎት።

«ምኑን እሺ እንበል?» አልኩ።

«አትፋቱ!»

«ማን ሊፋታ?»

ሦስቱም ወደ አማቴ ዞሩ። አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ታዲያ ጸቡ በምንድን ነው?» አሉ አጎት።

«ስንት ቀን እንቆይ በሚል ነው» አለ ባለቤቴ።

«የት?»

«ውሃ ውስጥ።»

የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ጸበል ነው?»

«አይ አባ፣ መዝናኛ ነው» አልኩ አፍሬ።

ስቀው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። የኔ ነገር! ሽማግሌ አንዴ ለብሶ ከወጣ ጉዳይ ሳይዝ አይመለስም። አጎት ሶፋው ላይ ተደላድለው ተቀመጡና ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። «በሉ በሥርዓት እንሂድ። መጀመሪያ የሷን ቃል እንስማ።»

ቃሌን ሰጠሁ። ባለቤቴም ቃሉን ሰጠ። ልጄ በሩ አጠገብ ባለ ሦስት እግር ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ሁሉንም ትሰማለች።

«መልካም» አሉ አጎት። «እስቲ አንድ ነገር አስረዱኝ። እዚያ ምን ይደረጋል?»

«ይንሸራተታሉ» አልኩ።

«ከዚያስ?»

«ውሃው ውስጥ ይገባሉ።»

«ከዚያስ ጓለይ?» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ወጥተው ደረጃውን ይወጣሉ።»

«ከዚያስ?»

«እንደገና ይንሸራተታሉ።»

አጎት በጣታቸው አየር ላይ ክብ ሠሩ። «ሰውየው ግን የሚሄድበት አለው?» አሉ በመጨረሻ።

የንስሐ አባታችን የኪስ የቀን መቁጠሪያቸውን ገልጠው ነበር። ረቡዕና ዓርብን ሰረዙ፤ ቅዳሜና እሑድን ለቅዳሴ ሰረዙ። አሥራ ሁለትን ሰረዙ፤ የባለቤቴ ማኅበር የሚጠጣው በሚካኤል ነው። ሃያ አንድን ሰረዙ፤ አማቴ በማርያም ይዘክራሉ። የነነዌን ጾም ከነዋዜማው ሰረዙ። ከዚያ ስለ ቁርሱ ጠየቁ። ቁርስ በቡፌ ነው፣ እንቁላልም አለበት ስንላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በጾም ቀን እንቁላሉ ለማን ይሆናል?» አሉ። ሲደመር ሲቀነስ ተከታትለው ንጹሕ ሆነው የቀሩት ሰኞና ማክሰኞ ብቻ ናቸው። ባለቤቴ ሊስቅ ምንም አልቀረው።

«አባ፣ በጾም መንሸራተት ክልክል ነው እንዴ?» አልኳቸው።

አሰቡ። ጢማቸውን አሻሹ። «መንሸራተቱ አይከለከልም» አሉ። «ሳቁ ግን ይበዛል።»

መምህሩ እስከዚያ ድረስ በሒሳብ ደብተር ወረቀት ላይ ደረጃ ሥለው ጨርሰዋል። አንድ ልጅ በሰዓት ስንት ጊዜ ወጥቶ ስንት ጊዜ እንደሚወርድ፣ ወረፋውንና የሽንት ቤቱን ቀንሰው አሰሉና ልጃችን በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ልክ ትጠግባለች የሚል ውጤት አገኙ። ቀጥሎ የምንገባበት ቀን እንደ ቀን ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ተነሣ። መምህሩ ይቆጠራል አሉ። አጎት «ኣይፋል፣ እሱ ቀን አይደለም፤ ሻንጣ ማውረድ ነው» ብለው ሞገቱ። እኔና ባለቤቴ ተረሳን። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሊኳረፉ ሲደርሱ የንስሐ አባታችን ጸሎት አደረጉና ጉዳዩ ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጠረ።

በሳምንቱ መሐል አጎት ሓወልቲ አካባቢ አንድ ሆቴል ገብተው የዋና ገንዳውን ከዳር ቆመው ግማሽ ሰዓት ሲመለከቱ እንደነበር ሰማሁ። ጥበቃው ምን ፈልገው ነው ቢላቸው «ዳኝነት ይዤ ነው» አሉት አሉ። እሑድ ሲመጡ ያዩትን አቀረቡ። «ሰው ውሃው ውስጥ ይገባል። ይወጣል። ይተኛል። ማንም አይቸኩልም። ይሄ ነገር በሁለት ቀን የሚያልቅ አይደለም።»

አሁን ደግሞ እኔ ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ሦስቱም ግቢ ወጥተው ተማከሩና ተመልሰው ፍርዱን ሰጡ። ሁለትና አምስት ተደምሮ ለሁለት ተካፍሎ ሦስት ቀን ተኩል።

«ተኩሉ ምንድን ነው?» አለ ባለቤቴ።

መምህሩና አጎት ተያዩ። «ምሳ ነው» አሉ አጎት። «ምሳ በልታችሁ ትነሳላችሁ።»

እንቁላሉን በጾም ቀን ላለመንካት ቃል ገባን። ባለቤቴ የማኅበር ተራውን ከሌላ ሰው ጋር እንዲለዋወጥ ተፈቀደለት። መምህሩ ውሉን በንጹሕ ወረቀት ጻፉት፤ አንቀጽ አንድ፣ አንቀጽ ሁለት፣ አንቀጽ ሦስት። ቀድሞ የተነሳም ሆነ ተርፎ የቆየ በግ ይቀጣል። አጎት ለኔ ዋስ ሆኑ፤ መምህሩ ለባለቤቴ። ዋሶች በየቀኑ እየደወሉ ስንተኛው ቀን ላይ እንደሆንን ያረጋግጣሉ። እኔ፣ የመሥሪያ ቤቱን ሁሉ ፈቃድ የማጸድቀው ሴትዮ፣ ስለ መዝናኛ የተጻፈ ውል ላይ ልፈርም እስክሪብቶ ያዝኩ።

«ጽሑፉ ላይ የምንመለስበት ቀን አለ?» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ።

ልጄ ነች። ሁለቱንም እሑድ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

መምህሩ አንቀጽ ሁለትን በጣታቸው አሳዩዋት። ቀስ ብላ አነበበችው። «መንገዱ ቢዘጋስ?» አለች።

ስለ እንቁላል እንኳ ፍርድ የነበራቸው ሰዎች ወለሉን ማየት ጀመሩ። አማቴ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ኣጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ» አሉ አጎት። «አሁን እኮ ሰላም ነው።»

«ያኔም እማ ሰላም ነው ብላኝ ነው የሄደችው።»

አጎት ወደ ልጄ ዞሩ። ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ታዲያ ምን ይጻፍ?» አሏት፣ ትልቅ ሰው እንደሚጠየቅ አድርገው።

«ከተዘጋ አራታችንም አንድ ቦታ እንሁን።»

«ሦስት ናችሁ እኮ» አሉ መምህሩ።

«ዓባየይስ?» አለች። አያቷን ነው እንዲህ የምትላቸው።

«ወይለይ!» ብለው አማቴ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «እኔ ደግሞ ውሃ ውስጥ ምን ላደርግ?»

መምህሩ ግን ጽፈው ጨርሰዋል። አንቀጽ አራት፤ መንገድ ቢዘጋ አራቱም አንድ ቦታ ይሆናሉ። «ተጽፏል» አሉ አጎት፤ በዚህ ላይ ይግባኝ አልነበረም። ፈረምን። አውሮፕላን ሲያልፍ ቤት የሚገቡት አማቴ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ኩሽና ድረስ ተከትሎኝ መጣ። «ሁለት ቀን ያልኩት...» ብሎ ጀመረ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን፣ ከሰዓት በኋላ ሻንጣዎቻችንን ከጎረቤት በተዋስነው ሚዛን መዘንን። በአንቀጽ አራት መሠረት አብረውን የሚሄዱት የአማቴ ሻንጣ ምንም የለውም ማለት ይቻላል፤ አንድ ቀሚስ፣ አንድ ጋቢና የጸሎት መቁጠሪያቸው ነው። የልጄ ትንሽዬ ሻንጣ ግን አውሮፕላኑ ከሚፈቅደው በላይ ሆነ። የዋና ልብስና ጥቂት ካናቴራ የያዘ ሻንጣ እንዴት እንዲህ ይከብዳል ብዬ ከፈትኩት።

ከፎጣው ሥር ሦስት ጥንድ ጫማ አገኘሁ። አንዱ የራሷ ነው። ሁለተኛውን አላውቀውም፤ ከእግሯ ሁለት ቁጥር ይበልጣል። ስጠይቃት የሥዕል ቀለሞቿን ለአንዲት ስድስተኛ ክፍል ልጅ ሰጥታ የለወጠችው መሆኑን ነገረችኝ። ሦስተኛው የኔ ነው፤ ለሥራ የማደርገው ጥቁር ጫማ።

«ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?» አልኳት።

«እግሬ ሲያድግ ነዋ» አለች። «ያኔ ጫማዬ ጠበበኝ፣ ሱቅ ደግሞ አልነበረም። በዓባየይ ኮንጎ ጫማ ነበር የምሄደው። ስሮጥ ይወልቅብኝ ነበር።»

ስሞታ አልነበረም፤ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው የተናገረችው። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ። ስለ ጫማው ግን ባለቤቴም አማቴም አንድ ቀን ነግረውኝ አያውቁም። ሚዛኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። 

ሦስት ቀን ተኩል ብቻ ነው የምንቆየው፣ ተፈርሞበታል፣ ሁለት ዋስ አለን ልላት ነበር፤ ተውኩት።  የራሴን ሻንጣ ወደ እኔ ጎትቼ ሁለት ቀሚስና የፀጉር ማድረቂያዬን አወጣሁና ሁለቱን ትልልቅ ጫማዎች በእነሱ ፋንታ ከተትኳቸው።

ልጄ በላዬ ቆማ ስታየኝ ቆየች።

«ካልሲም ጨምሪ» አለችኝ።