በአውቶቡስ መስኮት የምትሰፋው ጥላነሽ

እስቲ ያንን አውቶቡስ ተመልከቱ። ካምቦ ሱዳን በሚባለው የወደብ ከተማ ሰፈር ቤቶቹ ከመጠጋጋታቸው የተነሳ ሲቆም መስኮቱ ከልብስ ሰፊዋ ከጥላነሽ በር ጋር ሊሳሳም ይደርሳል። ጠዋት የወደብ ሠራተኞች ሳይወርዱ የተቀደደ ቱታቸውን በመስኮት ያቀብሏታል፤ ማታ ሲመለሱ ተጥፎ በመስኮት ይገባላቸዋል።

"እትዬ ጥላነሽ፣ ኪሱን ረሱት እኮ!"

"ምን ልትከትበት!"

ጉልበቷ ታማሚ ነው፤ ሩቅ አትራመድም። አያስፈልጋትምም ነበር። ክኒኑም፣ ሥራውም፣ ወሬውም በዚያ አውቶቡስ ይመጣላታል። ሹፌሩ ዳዊ በሯን ዝግ ካገኘው ጥሩምባ ይነፋል፤ "አለሁ" ሳትለው ንቅንቅ አይልም።

ታናሽ ወንድሟ ሸዋንግዛው የአዲስ አበባ መንገድ የካሚዮን ሹፌር ነው። እህቱ ጭስና ጥሩምባ ሥር መኖሯ አሳፈረው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አሸዋው ላይ፣ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ሠራላት። ልፋቱን አይታ እምቢ ማለት አቃታት፤ ሄደች።

ሰፊ ግቢ! ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሰውን ከሰው አርቀን፣ አውቶቡስ የማይደርስበት ጥለን፣ "አለፈለት" እንላለን። ማን ነው መጠጋጋትን ድህነት ያለው? እዚያ ግቢ ንፋስ እንጂ ቱታ የያዘ ሰው አልደረሰም።

ሸዋንግዛው ከጉዞ ሲመለስ የስፌት መኪናዋ አሸዋ ለብሳ አገኛት።

"ቤቱ አልተመቸሽም እንዴ?"

"ቤቱማ ጥሩ ነው። ሰው የለበትም እንጂ።"

"እኔ አለሁልሽ አይደል?"

"አንተማ ሚሌ ላይ ጎማ ስትቀይር ነው የምትውለው፣ ወንድምዬ።"

ልትስቅ ፈልጋ እንባዋ ቀደማት።

ሸዋንግዛው ተሳቢ የሚጎትተውን ያን ሁሉ ካሚዮን አስነስቶ አንዲት የስፌት መኪና ጫነበት፤ እህቱን ጋቢና አስቀመጠ። የቀድሞ ክፍሏ ገና አልተከራየም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እሷ የስፌት መኪናዋን ዘይት ስትቀባ፣ ቱታውን ከመስኮት የተቀበለው እሱ ነው።

"ሸዋንግዛው፣ መሪ ትተህ መርፌ ያዝክ?" አለው ዳዊ።

"ዝም ብለህ ንዳ!" አለ፤ እቅፉ ግን በሰው ልብስ ሞልቶ ፊቱ በርቶ ነበር።

እናንተ ለእናት ለእህታችሁ ቤት የምትሠሩ፣ ለሕዝብም ሰፈር የምትቀይሱ፣ እባካችሁ መሠረት ከመቆፈራችሁ በፊት ነዋሪዋን ጠይቋት፤ "በደጅሽ ማን እንዲያልፍ ትፈልጊያለሽ?" በሏት።