ስሜን አጥፋ

«ውሃ ልክ» የሚሉት አናጢ ሰሞኑን ወደ ሥራው የሚሄደው በጎረቤቱ ደጅ ላለማለፍ ሰፈሩን ዞሮ ነው። ስሙ የወጣለት ጠረጴዛም ሆነ ሰው ትንሽ ከተንጋደደ ዝም ስለማይል ነው።

የትምህርት ቤት ዴስክ ለመሥራት ያስገባው የጨረታ ሰነድ ውድቅ ሆኖ ሥራው ለጎረቤቱ ሲሰጥ ደሙ ፈላ። ሚስቱ «ኧረ አንተ ሰው፣ መጀመሪያ ምክንያቱን ጠይቅ» ብትለውም አልሰማትም። «ይሄ ሰው ያለ ጉቦ አላሸነፈም» የሚል ሦስት ገጽ አቤቱታ ጻፈ።

አቤቱታው በጨረታ ኮሚቴው ፊት በሚሰማበት ቀን ጎረቤቱም ተጠርቶ ነበር። ውሃ ልክ እዚያው ፊቱ ቆሞ ሦስቱንም ገጽ ጮክ ብሎ አነበበ። ሰብሳቢዋ እስኪጨርስ ጠበቁና እሱ ራሱ ያስገባውን የጨረታ ሰነድ ገልጠው ሰጡት።

«እስቲ የፈረሙበትን የግዴታ ገጽ ደግሞ ያንብቡልን።»

«እኛ...» ብሎ ጀመረና ገጹን ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ከ«እኛ» ቀጥሎ ያለው የጎረቤቱ ድርጅት ስም ነው።

ውሃ ልክ ሰነድ ማዘጋጀት አያውቅበትም። «ስሜን አጥፋና የራስህን ጻፍበት» ብሎ የአምናውን ሰነድ የሰጠው ጎረቤቱ ነበር። ሌላው ቦታ ላይ አጥፍቶ ይቺ አንዷ አምልጣዋለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ጎረቤቱ አልተቆጣም። ሲወጡ በር ላይ ጠብቆት ቀስ ብሎ፣

«ወንድሜ፣ ስሜን አጥፋ ያልኩህ እኮ ከወረቀቱ ላይ ነበር» አለው።