በጉ የኔ ነው

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ልጄ ቤት ሰንብቼ ነበር። የልጅ ልጄ ማህሌት ከገበያ የልባሽ ክምር ተሸክማ መጣችና ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። የወንድ ኮት፣ የመጋረጃ ቁራጭ፣ እጅጌው የተተረተረ ሹራብ። ከዚያ ውስጥ ለምርቃቷ ቀን የምትለብሰውን ልትሰፋ ነው። እናቷ «ሰው ምን ይላል?» ብላ አኮረፈች። እኔ ግን መቀሱ ጨርቁን ሲበላው እያየሁ ልቤ አንኮበር ሄደ፣ እትዬ ወለላ በረንዳ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ጓደኛዬ ታደሰ በጥር ሊያገባ ሚዜ አደረገኝ። ሚዜነት በኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። የሙሽራዋ ወገን ልጃገረዶች ደጅ ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች ያዩሃል፤ ያዩትንም በዘፈን ይሰድቡሃል። እኔ ያለኝ ክርኑ ያለቀ ጃኬት ብቻ። ጎረቤላ ገበያ ሄጄ ከሰልባጅ ነጋዴ አንድ ካፖርት ገዛሁ። ትከሻውን ፀሐይ በልቶት ነጣ ብሏል እንጂ ጨርቁ ወፍራም ነው፤ የጥርን ውርጭ ይመልሳል።

አባቴ ሲያየው ፊቱ ጠቆረ። ያን ጊዜ ሰልባጅ ሁሉ ባሕር ማዶ ከሞተ ሰው የተገፈፈ ነው ይባል ነበር።

«የሙት ልብስ ለብሰህ ሰርግ ቤት አትገባም» አለኝ። «ሙሽሮቹ ላይ ሟርት ልታመጣ ነው?»

«ታዲያ ምን ልልበስ?»

«ይቅርብሃ! ታደሰ ሌላ ሚዜ ይፈልግ።»

እሱ እልኸኛ፣ እኔ እልኸኛ። ከማን ወረስኩት ታዲያ! ካፖርቱን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ሄድኩ።

እትዬ ወለላ የሟች ባሏን የስፌት መኪና በረንዳ ላይ አውጥታ የምትሰፋ ሴት ናት። ካፖርቱን ገለበጠችው፣ አሸተተችው፣ ወደ ብርሃን ያዘችው።

«ውስጡ እንዳዲስ ነው፤ ገልብጬ እሰፋዋለሁ» አለች።

«አባቴስ?»

«አባትህ የጣሉት በርኖስ የላቸውም?»

ነበረው። ፍም የበሳው፣ ብል የበላው ጥቁር በርኖስ፤ ከራሱ በጎች ጠጉር የተሠራ። እናቴ ከቆጥ አውርዳ ሰጠችኝ።

እንደዚያ ያለ እጅ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ካፖርቱን ስፌት በስፌት ፈታችው፤ የነጣውን ወደ ውስጥ፣ ያልደበዘዘውን ወደ ውጭ አደረገች። ልብስ ሲገለበጥ የደረት ኪሱ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚዞር ሰው ያውቅብሃል። እሷ ኪሱን ነቅላ ያንን ጎን በሙሉ በበርኖስ ለበጠችው። በቀረው ደግሞ ገበር አገባችለት። አባቴ ሊቆጣ መጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ።

«ጋሼ» አለችው፣ ከመኪናው ቀና እንኳ ሳትል፣ «ሙቱ የሚነካው በርኖስዎን ነው። የልጅዎን ገላ የሚነካው ያው የርስዎ በግ ነው።»

አባቴ ገበሩን ዳበሰ፣ ዳበሰና «ይቺ ያቺ ተዋጊዋ በጌ ናት» ብሎ ሄደ። ልበሰውም አላለ፣ አትልበሰውም አላለ።

የሰርጉ ዕለት እኔ ከሙሽራው ጎን፣ አባቴ ከኋላ ከሽማግሎቹ ጋር ሆነን የሙሽራዋ ደጅ ደረስን። ልጃገረዶቹ በሩን ዘግተው አዩኝ። አንዷ አወጣች፦

«ሚዜው ምን ነክቶታል፣ ምን አስኮፈሰው፤
ግማሽ ጎኑ በግ ነው፣ ግማሽ ጎኑ ሰው!»

ደጁ በሳቅ ተናወጠ። ታደሰ እንኳ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያፍናል። ጆሮዬ ነደደ፤ መሬት በተከፈተችልኝ አልኩ። ያን ጊዜ አባቴ ከኋላ ምርኩዙን አነሳ።

«በጉ የኔ ነው!» አለ። «ልጁም የኔ ነው! አሳልፉን!»

እየሳቁ አሳለፉን። በሚቀጥለው የሰርግ ወራት የጎረቤላ ጎረምሳ ሁሉ «እንደዚያ ሚዜ አድርገሽ ስፊልኝ» እያለ እትዬ ወለላ በረንዳ ላይ ይጋፋ ጀመር።

ይህን ስነግራት ማህሌት መቀሷን አስቀመጠች። «አያዬ፣ ካፖርቱ አለ?»

አለ፤ አንኮበር ሳጥኔ ውስጥ። ስንቱ ለምኖኝ እምቢ ብያለሁ። ግን እጇን አየሁት፤ ያንን እጅ አውቀዋለሁ። አዲስ ልብስማ ማንም ይገዛል።

«እንዳሻሽ ቁረጪው» አልኳት። «በርኖሱ ግን እንዳይደበቅ፤ ደረትሽ ላይ አውጪው።»

«ይስቁባታል!» አለች እናቷ።

ይሳቁ። ለምርቃቱ እኔም እሄዳለሁ። ምርኩዝ አለኝ፤ የምለውንም አውቀዋለሁ።