ዘቢደር ጠመንጃ ስትገዛ

አበሻ በሚበዛበት ሰፈራችን፣ ፌርፋክስ ላይ፣ ስለ ዘቢደር የሚወራውን ሰምታችሁ ከሆነ አትመኑ። «በስተርጅና ጠመንጃ ያዘች፣ ቀጥላ የሰው ስም አጠፋች» ነው የሚሉት። ነገሩ ሲሆን አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሉሊት እባላለሁ፣ እዚያው ከኦሎምፒክ ጎዳና አጠገብ ጸጉር ቤት እሠራለሁ። ያየሁትን ሳስታውስ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ዘቢደር በዲቪ የመጣች ሴት ናት። ሚድ ዊልሻየር አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣ ሰባት ዓመት ትኬት ተቀበለች፤ ከዚያ ኬርጊቨር ሆነች። የምትንከባከባቸው ሚስተር ዌንደል የሚባሉ ጡረታ የወጡ ብረት ሠራተኛ ነበሩ። ሰውዬው በዚህ ምድር ላይ የሚወዱት አንድ ነገር፣ በጥንቱ ዓይነት ጠመንጃ ዒላማ መምታት ነበር። ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈሱታል፣ ድቡልቡሏን እርሳስ ያስከትላሉ፣ በዘንግ ጎስጉሰው አንዴ ይተኩሳሉ። ከዚያ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ከተራራው ማዶ ወዳለው የተኩስ ሜዳ የምትወስዳቸው እሷ ነበረች። ዓይናቸው ሲደክም በአቅርቢ መነጽር የዒላማውን ወረቀት እያየች «ሁለት ጣት ወደ ግራ» ትላቸው ጀመር። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ማጉረሱንም ተረከበችው። አንድ ቀን «እስቲ አንቺ ተኩሺ» አሏት፤ ተኮሰች፤ መሃሉን አለችው። በተኩስ መስመሩ ላይ የነበሩት ሁሉ አጨበጨቡ።

«ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው ሉሊትዬ» አለችኝ ያን ሰሞን፣ «ሰርጌ ላይ እንኳ የተጨበጨበው ለሙሽራው ነው።»

በፈረንጆቹ 2014 ሚስተር ዌንደል ሞቱ። ጠመንጃውን ልጃቸው ወሰደችው፤ የአባቷ ነውና ምንም አይባልም። የክለቡ ሰዎች ግን ዘቢደርን «ቦታሽ አለ፣ የራስሽን ጠመንጃ ይዘሽ ነይ» አሏት። አያችሁ፣ ይህች ሴት በአሜሪካ ምድር «ቦታሽ አለ» የተባለችው እዚያ ብቻ ነበር። ምርጫዋ ሁለት ሆነ። አንዱ ኪት ነው፤ በሣጥን የሚመጣ ያላለቀ ጠመንጃ። እንጨቱን ራስሽ ትሞርጃለሽ፣ ብረቱን ራስሽ ታጋጥሚያለሽ። ሌላው ያገለገለ መግዛት ነው። የሜዳው ኃላፊ፣ ነጭ ጸጉር ያላት ኮስታራ ሴት፣ እኔ ቆሜ ስሰማ እንዲህ አለቻት፤ «ሁለቱም ጥሩ ነው። ያገለገለ ከሆነ ግን ማንም ይሽጠው ማን፣ መጀመሪያ ዘንጉን ውስጥ ሰደሽ ለኪ። ቀጥለሽ በመብራት እዪው።»

ወሬው ፌርፋክስ ሲደርስ አማካሪው በዛ። ተኩስ በሬዲዮ እንኳ ሰምተው የማያውቁ ወንዶች ስለ ጠመንጃ አስተማሯት። «ኪት የልጅ መጫወቻ ነው»፣ «ሴት ልጅ ሞረድ ይዛ ምን ልትሆን?» ያላሉት የለም። ከሁሉም ጮክ ብሎ የተናገረው ግዛው ነው። ግዛው የምግብ ቤት ባለቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ፣ የዘቢደርም ልጅ የክርስትና አባት ነው። በዕድሜው አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ አልልም። ከትልቁ ጠረጴዛ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ የዚያ ዓይነት ጠመንጃ ሰቅሎ ነበር፤ አንድ ፈረንጅ ቤት ሲለቅ ዕቃውን ደጅ ዘርግቶ ሲሸጥ ለጌጥ ብሎ የገዛው ነው። «የእኔን ውሰጂ፣ ያለቀለት ነው» አላት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ሄድን። ግዛው ወንበር ላይ ወጥቶ ጠመንጃውን አወረደና ሰው ሁሉ እያየው ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። ዘቢደር ለዚሁ ብላ የገዛቻትን ትንሽ የእጅ ባትሪ ከቦርሳዋ አወጣች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ።

«ላይት ነው ጋሼ፣ ውስጡን ቼክ ላድርገው ብዬ ነው።»

«እኔን?» አለ ግዛው፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ልጅሽን ክርስትና ያነሳሁትን ሰው ነው ቼክ የምታደርጊው?»

ዘቢደር ፊቷ ቀላ፤ ባትሪዋን መልሳ ከተተች። «ይቅርታ ጋሼ፣ እርስዎን ሳላምን ቀርቼ አይደለም።» ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር የሚል አገር ልጆች ነን፤ ግን ሽማግሌ ፊት ስንቆም ተረቱን ለገንፎው ብቻ እንተወዋለን። እኔስ? የሜዳዋ ኃላፊ ያለችውን ሰምቼ የለም? የግዛውን ጥብስ እየበላሁ ዝም አልኩ። ይሉኝታ ይሉታል፣ እኔ ፈሪነት እለዋለሁ።

ያኑ ቀን ከፍላ ጠመንጃውን ቤቷ ወሰደችው፤ በቅዳሜው ወደ ተኩስ ሜዳው እኔ ነዳሁላትና ሄድን። ኃላፊዋ ገና ጠመንጃውን ስታይ «ለክተሽዋል?» አለቻት። ዘቢደር ባለቤቱን በደንብ እንደምታውቃቸው፣ የተከበሩ ሰው እንደሆኑ ነገረቻት። ሴትዮዋ ዘንጉን በአፈሙዙ ሰደደችው፣ የቆመበትን በጥፍሯ ይዛ አወጣችው፣ ከውጭ በቱቦው ጎን አስጠግታ ለካችው። መድረስ ካለበት በአራት ጣት አነሰ። እጇን ወደ ላይ ስታነሳ በመስመሩ ላይ ያለው ተኩስ በሙሉ ቆመ።

«ጎርሷል» አለች።

ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ጫፉ እንደ ብሎን በተጠመዘዘ ዘንግ ሻጋታ የመሰለ ነገር የሸፈናትን እርሳስ ጎትተው አወጡ፣ ከኋላዋ ባሩዱን አራገፉ። ከላይ ዝገት ጨምድዶታል፤ የታችኛው ግን ደረቅ ነበር፤ እሳት ቢያገኝ ይፈነዳል። ዘቢደር መሬት ላይ ቁጭ አለች። ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው የነገረችኝ። ረቡዕ ማታ ቤቷ ውስጥ ቃታውን ለመልመድ ወደ ግድግዳው አነጣጥራ ደጋግማ ስባዋለች። እሳት የምትጭረውን ቆርኪ፣ ካፕ የሚሏትን፣ አንዷን ከቃታው በላይ ያለው ጫፍ ላይ ላድርግና ልሞክረው ብላ መሳቢያውን ከፍታ ነበር፤ ስልክ ሲጠራ ተወችው። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ጎረቤቷ አራስ ናት።

ታዲያ ግዛው ምን አለ? ስንት ዓመት ሕፃናትን ወንበር ላይ እያቆመ፣ ጠመንጃውን እያስያዘ ፎቶ ሲያስነሳ የኖረ ሰው፣ «እግዚአብሔር አተረፈን» ያለ መሰላችሁ? «እኔ ስሸጥልሽ ባዶ ነበር፣ አንቺ ነሽ ያጎረስሽው» አለ። ይህ ሲያስቅበት «በፈረንጅ ፊት አዋረደችኝ» አለ። እዚህ ላይ አገር ተንቀሳቀሰ! ሰው ሊገድል የነበረው ጠመንጃ ማንንም አላንቀሳቀሰም፤ የግዛው ክብር ግን ሦስት ሽማግሌ አስነሳ።

ሽማግሌዎቹ በጋሽ ዓለምሰገድ መሪነት፣ ግዛውን አስከትለው ዘቢደር ቤት መጡ። ጋሽ ዓለምሰገድ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ብለው ጀመሩ። ከሁለቱም ወገን ስሕተት አለ አሉ። የግዛው ምን እንደሆነ ግን አልተነገረም። የዘቢደር ተነገረ፤ ተነሥታ ይቅርታ ትጠይቅ፣ እሱም ዕቃውን ተቀብሎ ገንዘቧን ይመልስ፣ ነገሩ በዚህ ይብቃ ተባለ። እኔ «እንዴት ተደርጎ!» ብዬ ብድግ ስል ዘቢደር እጄን ይዛ አስቀመጠችኝና ራሷ ተነሣች። ጉልበቱን ልትስም መስሎት ግዛው እግሩን አመቻቸ።

«ይቅርታስ እጠይቃለሁ» አለች። «እዚያ ጠረጴዛ ላይ ልጆቻቸውን ያበሉትን እናቶች ሁሉ። ላይቱ እጄ ላይ ነበር፤ እርስዎ እንዳይከፋዎ ብዬ ቦርሳዬ ከተትኩት። ለእርስዎ ግን ይቅርታ የለኝም፣ ጋሼ ግዛው።»

ግዛው ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ ዘቢደርን ለማኅበር የሚጠራት የለም፤ መንገድ ላይ ሲያገኟት ስልካቸውን የሚያዩ አሉ። እነዚሁ ሰዎች እሑድ እሑድ ግዛው ቤት ይበላሉ።

እሷ ኪቱን አዘዘች። አምስት ወር የምግብ ጠረጴዛዋ በእንጨት ብናኝ ተሸፈነ፤ ስሄድ ቆሜ ነበር ሻይ የምጠጣው። ሰደፉን አንድ ጎን አብዝታ ሞረደችው፣ ቀለሙም እንዳረረ ቁሌት ሆነ። የተበላሸውን እያፈረሰች ደግማ ሠራች። የመጀመሪያው ቀን ስትተኩስ ወደ ቀኝ ሄደባት፤ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ በስንት ጣት እንደሚሄድ ታውቀው ነበር፣ ወረቀቱን መሃሉ ላይ በሳችው።

የዚያን ቀን «ነይ አንቺም ሞክሪ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ጠመንጃውን በሁለት እጄ ተቀበልኳትና ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ።

«መረመርሽው?»

«እንዴ እትዬ፣ ያንቺ እኮ ነው! ዓይኔ እያየ ነው የሠራሽው።»

እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። መስመሩ ሁሉ ዞሮ አየን።

«የእኔ ስለሆነ ነዋ የምትመረምሪው! የማታውቂውን ሰው ጠመንጃማ ማንም ያያል።»

ጠመንጃውን ከትከሻዬ አውርጄ ዘንጉን በአፈሙዙ ሰደድኩት፤ እሷም ዘንጉ መጨረሻው ድረስ ሲወርድ ቆማ አየች።